ጣራህ መብራት መሸጥ ጀመረ

ማቴዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነን ነው። ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ከርመሃል» ይባላል፤ ላንተ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገባኝ። በመልካም ስፍራ እንዳለህ ስለማምን ስለ ጤናህ አልሰጋም። የምሰጋው ወሬ እንዳያመልጥህ ነው። ከሥራ ገብተህ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ «ዛሬ ሆሳዕና ምን አለች?» ትለኝ የነበርከው ሰው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ ወሬ እንዴት ቻልከው? እንግዲህ አረፍ በልና ስማኝ። ዛሬ የምነግርህ ዕድሜህን ሙሉ ስትጠብቀው የኖርከውን ነው። ሰው «ለሞተ ባሏ ደብዳቤ ትጽፋለች» ቢለኝም ይበለኝ። አንተ እያለህስ የሚሉኝን መች አጡ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ምህረት ዱራሜ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ተመድባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ልክ እንዳንተ ድስት ትከፍታለች። ሳቋም ያንተ ሆኗል፤ አንዳንዴ ጓሮ ሆኜ ስሰማት ልቤ ድንግጥ ይላል። እንሰቱ ደህና ነው። አቮካዶው ግን አድጎ ጥላውን ጣራው ላይ መጣል ስለጀመረ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ አስቆረጥኩት። ከአቮካዶና ከሶላር ፓኔልህ የትኛውን እንደምትመርጥ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሳሎን የነበረውን ወንበርህን ወደ ምህረት ክፍል አስገባሁት። ባዶውን ማየት አቃተኝ፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ማየት ደግሞ ባሰብኝ።

ፓኔሎችህን እኔው አጥባቸዋለሁ። በበጋ አቧራው ሲበዛ መሰላሉን አስደግፌ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ስፖንጅ አስሬ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ሳልፈትግ ቀስ ብዬ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «በዚህ ዕድሜሽ መሰላል ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ትወድቂያለሽ» ይሉኛል። እኔ ግን ወድቄ አንተ ዘንድ ብመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ፓኔሉ ተሰብሮ እንደሆነ ስለማውቅ ተጠንቅቄ ነው የምወጣው።

ያን ክረምት ታስታውሳለህ? ቆርቆሮው ሳሎን ውስጥ ያፈስ ነበር። እኔ ባልዲ እየደረደርኩ አዲስ ቆርቆሮ ይገዛ ስል፣ አንተ በቆጠብነው ገንዘብ የመጀመሪያውን ፓኔል ገዝተህ ተሸክመህ ገባህ። ደስታህ ሚስት አግብቶ የሚመጣ ሙሽራ ነበር የሚያስመስልህ፤ እኔ ከነባልዲዬ ቆሜ ሳይህ መቆጣት እንኳ አቃተኝ። ከላይ ፀሐይ የሚለቅም፣ ከታች ዝናብ የሚያንጠባጥብ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ኖርን። ከዚያ ወዲህ ከማስተማር ደሞዝህ ጥቂት በተረፈ ቁጥር አንድ አንድ እያልክ ጨመርክ። «አንድ ቀን ይህ ጣራ መብራት ይሸጣል፤ የምንከፍለው ድርጅት ዞሮ ለኛ ይከፍላል» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብህ። «ነጋዴው» የሚል ስም ወጣልህ። ከጸሎት ስንወጣ «ነጋዴው፣ ገበያ እንዴት ነው?» ሲሉህ ቀና ብለህ ሰማዩን አይተህ መልስ ትሰጣቸው ነበር፤ ዛሬ ጥሩ ነው፣ ዛሬ ቀዝቅዟል እያልክ። አንድም ቀን ተቀይመህ አላየሁህም። እኔም እስቅ ነበር፤ የኔ ሳቅ ግን ያንተን ፊት ሳይ የሚመጣ ነው፣ ይህንንም ታውቃለህ።

ዋናው ወሬ እንግዲህ ይህ ነው፦ መብራት የሚያቀርብልን ድርጅት ሙከራ ጀመረ። ጣራቸው ላይ ሶላር ካላቸው ቤቶች ጥቂቶቹን መርጦ፣ ቤቱ ተጠቅሞ የተረፈውን ወደ መስመሩ ሲልክ ሊከፍል ነው። ይህን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነገሩን። የተመረጡትን ቤቶች ሲጠሩ ያንተን ስም ጠሩ፣ አቶ ማቴዎስ ብለው፣ ያለህ ይመስል። መሃል ስብሰባ ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤታችን ዘይነባ እጄን ያዘችኝ። ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም። «ለነጋዴው ገበያው ቆመለት» አለችኝ ቀስ ብላ።

ዘይነባን ካነሳሁ ሽቦህንም ማንሳት ግድ ነው። ስኳር በሽታዋ ከጠናባት ወዲህ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጃቸው ይሞቅ ነበር። አንድ ቀን የተበላሸውን ስትጥል አይተህ፣ ማንም ሳይለምንህ ከኛ ባትሪ በአጥሩ ላይ አድርገህ ሽቦ ዘረጋህላት። ባሏ ጋሽ ሽኩር ሊከፍልህ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ተቆጥተህ ሱቁ መሄድ ተውክ። እኔም ከአጥራችን ጎን ሱቅ እያለ ለሳሙና ገበያ ድረስ ስንከራተት ሰነበትኩ። በኋላ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነበር፣ ልክፈል በማለቱ። ያ ሽቦ አንተ ከሄድክም በኋላ ሥራውን አልተወም። ከተማው ሲጨልም የኛ ቤትና የዘይነባ ፍሪጅ ግን ሥራቸው ላይ ነበሩ።

ድርጅቱ የላካት መሐንዲስ ቤተልሔም ትባላለች፤ የዱራሜ ልጅ ናት፣ በዕድሜም ከምህረት ብዙ አትበልጥም። ጣራው ላይ ወጥታ ብዙ ቆየች። ስትወርድ «እናቴ፣ ይህን የሠራው ሰው የት ነው? ላግኘው» አለችኝ። ነገርኳት። ቆቧን አውልቃ ወደ ጣራው ቀና ብላ አየች። ለዚያ አክብሮቷ ወደድኳት። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ በየሽቦው ጫፍ በነጭ ፕላስተር ላይ የጻፍካቸውን ስሞች ታነብ ጀመር። «ሳሎን»፣ «ማድ ቤት»፣ «ምህረት»፣ «ዘይነባ»። «ምህረት ልጅዎ እንደሆነች ነግረውኛል፤ ዘይነባ ደግሞ ታላቋ ናት ታናሿ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ ሳትሆን ጎረቤቴ ናት ብዬ እጇን ይዤ ወጣሁና በአጥሩ ላይ የሚያልፈውን ሽቦ አሳየኋት። በኩራት ነው ያሳየኋት። የባሌ ሥራ ነው፤ ምን ያሳፍረኛል?

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ይቅርታ እየጠየቀች ደንቡን አስረዳችኝ። መብራት የሚሸጥ ቤት ሽቦው ከግቢው ወጥቶ ሌላ ቤት መግባት የለበትም። ደግሞ አዲሱ ቆጣሪ ከገባ በኋላ የከተማው መብራት ሲጠፋ የኛም ጣራ ከነባትሪው አብሮ ሥራ ያቆማል። መስመር ላይ ወጥቶ የሚጠግን ሠራተኛ ከኛ ቤት በሚመጣ ኃይል እንዳይመታ ነው አሉ። እሱስ ገባኝ፤ እሱም የሰው ልጅ ነው። በመጨረሻ የሙከራው ጊዜ አንድ ወር እንደሆነ፣ በወሩ ውስጥ በቂ መብራት ያልላከ ቤት ቆጣሪው ተነቅሎ ወረፋ ለሚጠብቅ ለሌላ ቤት እንደሚሰጥ ነገረችኝ። ያስቡበትና ይንገሩኝ ብላ ሄደች።

ማቴ፣ የገባሁበትን ጣጣ ተመልከት። አንዱ ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከው ነው። ሌላው በገዛ እጅህ የዘረጋኸው ነው። ሁለቱም ያንተ ናቸው፤ አንዱን ለማቆየት ሌላውን መቁረጥ ደግሞ በኔ ላይ ወደቀ። ገንዘቡ አልነበረም ያጓጓኝ፤ ያንተ ጡረታና የምህረት ደሞዝ እያለ አንራብም። የጓጓሁት ሰው ሁሉ የሳቀበት ነገርህ እውነት ሆኖ ለማየት ነው። ታዲያ ይህን የማየው የዘይነባን መድኃኒት አበላሽቼ ነው? ለምህረት ደወልኩላት። «አባዬ ቢኖር ሽቦውን አይቆርጥም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሽያጩንም አይተውም» አለች። እንግዲህ ምን ትባላለች? ምክር ሲጠየቅ ሁለቱንም ይዞ የሚቆም አባቷን ወጣች። ያን ሰሞን በጣም ናፈቅከኝ። የናፈቀኝ ምክርህ እንኳ አልነበረም። አጠገቤ ሆነህ እንደኔው ግራ እንድትጋባ ነው የፈለግሁት።

እኔ ከምህረት በቀር ለማንም ሳልናገር ስብሰለሰል ወሬው ለካ ጋሽ ሽኩር ሱቅ ደርሷል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሽቦው አጥሩ ላይ የለም። በሥርዓት ተጠቅልሎ በራችን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ደግሞ በፌስታል የታሰረ ስኳር። የሰፈራችንን ወግ ታውቃለህ፤ የተዋሰውን ዕቃ ባዶውን የሚመልስ ሰው የለም። ሰፌድ እንኳ ሲመለስ ጥቂት ነገር ጣል ይደረግበታል። ጋሽ ሽኩር ሽቦህን እንደ ሰፌድ ቆጥሮ መለሰልኝ፤ ሊያውም ከስኳር በሽተኛ ቤት ስኳር! እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። በእሁድ ልብሴ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ እንደያዝኩ ሱቁ ገብቼ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩት። ማን ቁረጥ አለህ አልኩት።

እሱ ግን አልተቆጣም። «የምህረት እናት፣ ሟች ሲመኘው የኖረውን ነገር የኔ ፍሪጅ አያስቀረውም» አለኝ። መድኃኒቱን በፕላስቲክ አስረው ውሃ ባለበት እንስራ ውስጥ እንደሚያስቀምጡት፣ ድሮም ሰው እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነገረኝ። ዘይነባም ከጓዳ ሆና «ደንበኛ አታባርሪብን፣ ግቢና ተቀመጪ» ስትል ንዴቴ ወደ ለቅሶ ዞረ። ስኳሩን ይዤ ተመለስኩ። አልቀበልም ብል በሁለቱም አዝኜ እንደቀረሁ ይቆጥሩት ነበር።

በማግስቱ ለቤተልሔም ደወልኩላት፤ መጥታም ቆጣሪውን አስገባች። አሁን ደግሞ የምታስቅህን ልንገርህ። ቆጣሪው በወሩ ውስጥ ካልሠራ ይነቀላል የሚለው ወሬ ሴቶቹ ዘንድ ደረሰ፤ የዊጆ ሴቶቻችን ማለቴ ነው። ቅቤያችንን በየተራ ለአንዷ የምናዋጣበት ማኅበር ለቅቤ ብቻ አይመስላቸውም፤ ሐዘንም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን፣ ተራዋ የደረሰች ሴት ባዶዋን አትቀርም። እኔ በሌለሁበት ተሰብስበው መከሩ። ተራው የአማረች ነው፣ ቆጣሪዋን ማገዝ አለብን ተባባሉ። እንዴት ነው የሚታገዘው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ሞላ። አንዷ ካውያና የታጠበ ልብስ፣ አንዷ ስቶቭ ከነሽሮዋ፣ አንዷ ውሃ ማፍያ ይዛ መጣች። ፀጉር ሠሪዋ ብርቱካን ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ካስኳን ከነደንበኞቿ አምጥታ ሳሎናችን ውስጥ ሱቅ ከፈተች። ስልኩማ አይቆጠርም። ሁሉም በየማከፋፈያው ሰክተው «ይሩጥ! ቆጣሪው ይሩጥ!» ይሉ ነበር። እሱም ይሮጥ ነበር። እኔም ከደስታዬ ብዛት የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርጄ ተኮስኩ። የሚሸጠው የተረፈው ብቻ ነው ብለህ ስንት ጊዜ እንዳስረዳኸኝ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅና ጫጫታ መሃል ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ቤታችን ከቀብርህ ወዲህ እንደዚያ በሰው ሞልቶ አያውቅም ነበር፤ በቀብርህም ጊዜ ማንም አልሳቀም። እንዲህ እያልን ሰነበትን።

ቤተልሔም ልታይ ስትመጣ ካስኩ ሥር የተቀመጠችውን ሴት አየች፤ ቆጣሪውን አየች፤ እንደገና ሴትዮዋን አየች። «እናቴ፣ ይህ ቤት መሸጡ ቀርቶ እየገዛ ነው» አለችኝ። ጣራው የሰጠው አልበቃ ብሎ ከከተማው መስመር ስንስብ ነው የሰነበትነው። የሚሸጠው እናንተ ያልነካችሁት ነው ብላ አስረዳችን። ካውያው ወዲያው ተነቀለ። ብርቱካን ብቻ «ታዲያ እኛ የምናግዛት ምንም ባለመሥራት ነው ማለት ነው?» አለች። አዎ ተባለች። «ይህማ ካስክ ከመሸከም ይከብዳል!» አለች፤ ያን ጊዜ መሐንዲሷም እኛም ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ግን ከወሩ ብዙው እንደሄደ ሁላችንም አሰብን። እኔም ፊቴን ወደ ጓዳ አዞርኩ፤ እንዳያዩኝ።

ተስፋ የቆረጥኩ መስሏቸው ይሁን እንጃ፣ ሴቶቹ መምጣታቸውን አልተዉም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ብዙ የሚሸጥበት ሰዓት ነው በተባለበት ጊዜ ይመጡና አቮካዶው ሥር ይቀመጣሉ። ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ራዲዮ የለም፣ ካውያ የለም፤ ስልክ የሚሰካ ካለ ብርቱካን ትቆጣዋለች። እንዲሁ ቁጭ ብለን ቆጣሪውን እናግዛለን። በየተራ እየተነሱ ቆጣሪው ላይ ወደ ውጭ፣ ወደ መስመሩ የሚያመለክተውን ቀስት ሊያዩ ሲገቡ አራስ ቤት እንደሚገባ ሰው ኮቴያቸውን አጥፍተው ነው። ዘይነባም ምንጣፏን ይዛ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች። ስለ መድኃኒቱ ስጠይቃት «እንስራው ደህና ይዞታል» ትለኛለች። እኔም ማመን ስለፈለግሁ አምናታለሁ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ የሄደው በማግስቱም አልመጣም። ማቴ፣ ቤታችን ጨለመ። ስንት ዓመት ከተማው ሲጠፋ ያልጠፋው ቤትህ አብሮ ጠፋ፤ ምክንያቱን ባውቅም ማብሪያውን ደጋግሜ ተጫንኩት። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው «የነጋዴውም ቤት ጠፋ እኮ!» ሲል ሰማሁት። ክፋት የለበትም፤ ገርሞት ነው። ልመልስለት በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

የጎዳን ግን ጨለማው አልነበረም። ሙቀት የበረታበት ሰሞን ስለነበር የእንስራው ውሃ ለብ ብሎ ቀረ፤ መድኃኒቱም ደፈረሰ። ዘይነባ እሱን ልወጋ አልወጋ ስትል ውላ፣ በመጨረሻ ጣለችው። ጋሽ ሽኩር ሱቁን ዘግቶ አዲስ ፍለጋ በየመድኃኒት ቤቱ ሲዞር እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። አፏ ደርቆ፣ ዓይኗን መግለጥ እየከበዳት፣ «ዛሬ ቀስቱን አይተሻል?» አለችኝ። ያን ጊዜ በቃኝ። ሰው ታሞ ተኝቶ የሚሸጥ መብራት አንተ አልተመኘህም። ጋሽ ሽኩር ማምሻውን ኢንሱሊን አግኝቶ መጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ተወግታ ውላ አድራ ዓይኗ ተመለሰ።

ወዲያው ለቤተልሔም ደወልኩላት። አንዱን ፓኔልና አሮጌውን ባትሪ ከሽያጩ ለዪልኝ፣ የዘይነባን ፍሪጅ ምህረት ክፍል አስገባዋለሁ፣ ሽቦው ከቤቴ አይወጣም አልኳት። ከመስመሩ ጋር እስካልተነካካ ድረስ ይቻላል አለችኝ። «ግን እናቴ፣ ቀድሞም ብዙ ቀን ባክኗል። አንድ ፓኔል ከተቀነሰ ወሩ መጨረሻ ላይ ሊጎድልብዎ ይችላል፤ ከጎደለ እኔም ልረዳዎ አልችልም» አለች። ይጉደል አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ይቅር በለኝ እያልኩ ስምህን ጠራሁ። የሕልምህ በር ላይ ደርሼ የተመለስኩ መሰለኝ።

ፍሪጁን ጋሽ ሽኩርና የሱቁ ተሸካሚ አምጥተው አስገቡት። ቤተልሔም ፕላስተሩ ላይ ያለውን ያንተን ጽሑፍ ሳትቀድድ ነቅላ አዲሱ ሽቦ ላይ ለጠፈችው። ዘይነባ አሁን ጠዋትና ማታ መድኃኒቷን ፍለጋ ትመጣለች። ተወግታ ብትሄድ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ አልጋው በዚህ በኩል ቢዞር ትላለች። በራሴ ቤት እንደ ምራት ሆኛለሁ። ስትዘገይ ግን መስኮት መስኮት የማየው እኔ ነኝ።

የቀሩትን ቀናት አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። ማንም ይሞላል አይሞላም አላለም። ወሩ ሲያልቅ የድርጅቱ መልእክት በስልኬ መጣ። መነጽሬን ፍለጋ ከመግባት ሱቁ ስለሚቀርብ ሮጬ ለጋሽ ሽኩር ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ቆጣሪው ቤታችን ይቆያል፣ ለላክነውም መብራት ተከፍሎናል። የተከፈለንን ብትሰማ ትስቃለህ፤ አንድ ሊትር ዘይት አይገዛም። ጋሽ ሽኩር ግን ስልኬን ባንኮኒው ላይ እንደ ዕቃ በጥንቃቄ አስቀምጦ «ነጋዴው አተረፈ» አለ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞሮ የተደረደረውን እንደገና መደርደር ጀመረ። እኔም እንዳላየ ሰው ሆኜ በር በሩን አየሁ።

በዚያች ገንዘብ ዳቦ ገዛሁ፤ የጎደለውን እሱ ሞላ። ሴቶቹ ቀትር ላይ ሲመጡ አቮካዶው ሥር ቆረስንላቸው። ፓስተሩ በዚያ ሲያልፍ የሙት መታሰቢያ መስሎት ቆም አለ፤ የነጋዴ ግብዣ ነው አልኩት፣ እሱም ቁራሹን ተቀብሎ ሄደ። ደስ አለኝ፣ ማቴ። ካንተ በኋላ ደስ የሚለኝ ቀን ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሲመጣም ያስፈራኝ ነበር፤ ደስታው ካንተ የሚያርቀኝ ይመስለኝ ነበር። አላራቀኝም።

አሁን ሙከራው አልቆ ሴቶቹ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል፤ ቀትር ላይ ብቻዬን ነኝ። ያም ሆኖ ሁሉን ነገር አጠፋለሁ። ከምህረት ክፍል የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እጄን አጣጥፌ በሩ ላይ እቀመጥና ያንተ መብራት አሁን ማን ቤት ደርሶ ይሆን እላለሁ። ምናልባት ልብስ ሰፊው ጋ ይሆናል። ምናልባት በዚያን ጊዜ የሳቀብህ ሰው ሸሚዙን ይተኩስበት ይሆናል። እሱ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ቀትርን እንግዲህ ላንተ ሰጥቻለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚያ ሰዓት ቤታችን ውስጥ ምንም አይሠራም፤ አንተን ብቻ አስብበታለሁ። እኔም ወዳንተ የምመጣበት ቀን ሲደርስ እንዳይረሳ፣ የትኛዋ ፓኔል ለዘይነባ ፍሪጅ እንጂ ለሽያጭ እንዳልሆነች ለምህረት ነግሬያታለሁ።

ያንተው አማረች
ከሆሳዕና